ጌምም የሚችል የቤተሰብ ኮምፒውተር፦ ጅማ ላይ በአቅም እንዴት ይሠራል?

ለቤት የሚሆን ኮምፒውተር ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል ስለሚሠራው ክፍል) ነው። ጅማ ላይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ መብራት ነው። ቀጥሎ ስለ ሳጥኑ፣ ማለትም ስለ ኮምፒውተሩ ዋና አካል፣ እና በውስጡ ኃይል ስለሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ። እነዚህ ሁለቱ ከተወሰኑ የካርዱ ምርጫ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ይጠባል።

በሐሳቤ ያለው ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነው። ትልቋ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ አሳይመንት ትሠራለች፣ ቪዲዮ ታያለች። ትንሹ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እግሩ ወደ ፕሌስቴሽን ቤት ይመራዋል። እናት የሱቋን ሒሳብ በኤክሴል ትይዛለች። ለሦስቱም ለየብቻ መግዛት የማይታሰብ ነው። አንድ ጠንካራ ዴስክቶፕ ይበቃቸዋል። ላፕቶፕ ለምን አይሆንም? በተመሳሳይ ብር የሚገኘው ላፕቶፕ ጌም ላይ ይደክማል፣ ይሞቃል፣ ሲበላሽም መለዋወጫው ያንከራትታል።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ አንድ ቦታ አልረጋም። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። ይልቅ በጀታችሁን እንዲህ ክፈሉት፦ 40 በመቶ ለሳጥኑ፣ 25 በመቶ ለካርዱ፣ 15 በመቶ ለሞኒተር፣ 15 በመቶ ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ ያለው ዕቃ)፣ የቀረውን ለኪቦርድ፣ ለማውስና ለኬብል። ብር ካጠረ ካርዱን አቆዩት፤ በኋላ ይገባል። ዩፒኤሱን ግን አታቆዩ።

መጀመሪያ መብራቱ

መብራት መጥፋቱ ብቻውን ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ሲመለስ ነው። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው ቢባልም፣ መብራት በመጣበት ቅጽበት ከፍ ይላል፤ ሰው ሁሉ ምድጃ በሚለኩስበት ምሽት ደግሞ ይወርዳል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ምጣድ ሲለኮስ የሳሎኑ አምፖል የሚደበዝዝበት ቤት ከሆነ፣ ኮምፒውተሩም ያንኑ እየቀመሰ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር ላይ አትሰኩ። ኤሌክትሪሺያን ለአንድ ሰዓት ሥራ ጠርታችሁ የተለየ ሶኬት ብታስዘረጉ ከማንኛውም ካርድ የበለጠ ያተርፋችኋል።

ኧርዝም (ወደ መሬት የሚወርደውን መከላከያ ሽቦ) አስፈትሹ። ባዶ እጃችሁን የኮምፒውተሩ ብረት ላይ ስታሳርፉ ነዘር ነዘር ካደረጋችሁ፣ ሶኬቱ ኧርዝ የለውም ማለት ነው። ብዙ ሰው «ትንሽ ነው፣ ልማዱ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አትለፉት። በተለይ ልጆች የዩኤስቢ ኬብል እየነቀሉ የሚሰኩበት ዕቃ ነው።

ዩፒኤስ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቪኤ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ዋቱን ነው፤ ጎን ላይ በትንሹ ተጽፏል። 650 ቪኤ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ 360 ዋት አካባቢ ይሸከማል። እዚህ የምንሠራው ኮምፒውተር ጌም እያጫወተ ከነሞኒተሩ 200 ዋት ገደማ ነው የሚስበው፤ ስለዚህ ይበቃዋል። የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሥራውን ሴቭ አድርጎ በሥርዓቱ ለመዝጋት ይሆናል፤ ጨዋታውን ለመጨረስ አይሆንም። ይህን ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት። ፍሪጅ፣ ካውያና ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አይሰኩም። ያገለገለ ዩፒኤስ የምትገዙ ከሆነ በውስጡ ያለው ባትሪ የደከመ እንደሚሆን ገምቱ፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ደምራችሁ ተከራከሩ።

ሳጥኑ፦ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር

ለአብዛኛው ቤተሰብ የምመክረው አዲስ ዕቃ አንድ በአንድ ለቅሞ መግጠም አይደለም። ከውጭ አገር ቢሮ ወጥቶ የሚመጣ ዴስክቶፕ ገዝቶ እሱን ማጎልበት ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር የሚባሉት ናቸው። ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ሳይጠፉ እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ከነራማቸውም (ለሥራ ከሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ጋር) ይመጣሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ራም በዓለም ገበያ ላይ ስለተወደደ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሁለት ነገር ላይ ግን አትደራደሩ።

አንደኛው የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ትውልድ ነው። 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። የሚታወቀው በፕሮሰሰሩ ቁጥር ነው፦ አይ5-8500 ሲል 8 ቁጥሩ ትውልዱን ይነግራችኋል። አይ5-4590 ካለ 4ኛ ነው፤ አይ5-7500 ካለ 7ኛ። ገበያው ላይ 4ኛ ትውልድ ሞልቷል፤ ርካሽም ነው፤ ያማልላል። ግን ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ሌላም ምክንያት አለ። አይ5-7500 አራት ኮር (በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን የሚሠራ የማስሊያ ክፍል) ነው ያለው፤ አይ5-8500 ስድስት። በአንድ ትውልድ ልዩነት ይህን ያህል መዝለል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሁለተኛው የሳጥኑ መጠን ነው። አንድ ዓይነት ስም ያለው ኮምፒውተር በሦስት መጠን ይመጣል፦ ታወር የሚባለው ትልቁ፣ ቀጭኑ፣ እና መጽሐፍ የምታክለዋ ትንሿ። የእናንተ ታወሩ ነው። ቀጭኑ ውስጥ የሚገባው አጭር ካርድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ትንሿ ውስጥ ምንም አይገባም። የ8ኛ ትውልድ ስሞቹን ያዙ፦ ከዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060 ታወር፣ ከኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 ታወር፣ ከሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም720ቲ። በሌኖቮው መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ወሳኝ ናት፤ ቲ ታወር ነው፣ ኤስ ቀጭኑ፣ ኪው ትንሿ።

ሻጩ ጋ ምን ይታያል?

ዕቃው ጅማ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ካሉ ሱቆች፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከቴሌግራም ቻናል ሊገኝ ይችላል። ተማሪዎች ተመርቀው ሊወጡ ሲሉ ከዩኒቨርሲቲው አካባቢም ዕቃ ይሸጣል። ከየትም ይምጣ፣ ሳይበራ አትክፈሉ። ሻጩ «ዋስትና እሰጣለሁ» ቢላችሁም አስበሩት፤ ለመቀመጫ በርጩማ ጠይቁና ረጋ በሉ።

ሲበራ የመጀመሪያው ሥራችሁ ወደ ባዮስ፣ ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሳው የኮምፒውተሩ ቅንብር፣ መግባት ነው። ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ላይ ኤፍ1 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ፓስወርድ ከጠየቀ ተነሱና ሂዱ። ከድርጅት የወጣ ዕቃ የአስተዳዳሪው ፓስወርድ እንደተቆለፈበት ሊመጣ ይችላል፤ እሱን ማስከፈት ጣጣ ነው።

ባዮሱ ከተከፈተ ፕሮሰሰሩና ራሙ እንደተባለው መሆኑን እዚያው አንብቡ። ከዚያ ዊንዶውስ ይነሳ። ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ስትከፍቱ ራሙ ስንት እንደሆነ፣ በስንት ፍጥነት እንደሚሠራና ስንት ቀዳዳ እንደያዘ ያሳያችኋል። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የዲስኩን ጤንነት በመቶኛ ይነግራችኋል። የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በአንድ ፍላሽ ተራ በተራ ሞክሩ። የኔትወርክ ኬብል ቀዳዳውን፣ የድምፁን ቀዳዳም እንዲሁ።

ከመሰካቱ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ከኋላ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ፣ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ 115 ላይ ሆኖ እኛ መስመር ላይ ከተሰካ ጧ ብሎ ያልፋል። አብዛኞቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ይህ ማብሪያ የላቸውም፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ይለያሉ። በርካሽ ፓወር ሰፕላይ የተገጣጠሙት ላይ ግን አለ።

ካርዱ፦ 75 ዋት ላይ አቁሙ

አሁን ሳጥኑ የካርዱን ወሰን ይነግረናል። እነዚህ የቢሮ ታወሮች ብዙዎቹ 250 ዋት አካባቢ ፓወር ሰፕላይ ነው ያላቸው። ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ኬብልም ብዙ ጊዜ የለውም። በትልቅ እንቀይረው ብትሉም ዴልና ኤችፒ ማዘርቦርዳቸው (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ የራሳቸውን መሰኪያ ስለሚጠቀሙ ተራ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምም፤ ማገናኛ ፈልጉ ይላችኋል። እዚያ ውስጥ አትግቡ። ማዘርቦርዱ ካርዱ በሚሰካበት ቀዳዳ በኩል እስከ 75 ዋት ይሰጣል። በዚያ ብቻ የሚሠራ ካርድ ፈልጉ።

የመጀመሪያ ምርጫዬ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው ነው፤ 70 ዋት ብቻ ነው የሚፈልገው። ባለ 8 ጊጋው ሌላ ነው፤ እሱ ተጨማሪ ኬብል ይጠይቃል። ሁለተኛው ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋ። ያገለገለ ሆኖ የሚሻል ዋጋ ያለው እሱ ነው፤ ግን አንዳንዱ ሞዴል ጎኑ ላይ ባለ 6 ፒን መሰኪያ አለው። ፎቶውን አስልኩና እዩ፤ መሰኪያ ካለው ተዉት። ሦስተኛው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፤ አርጅቷል፣ ግን ጂቲኤ 5ን ዛሬም ያጫውታል።

አርኤክስ 6400 የሚባል አለ፤ 53 ዋት ብቻ መሆኑ ያጓጓል። ችግሩ የሚገናኝበት መስመር አራት ብቻ ነው። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ይህ አይታወቅም። በ8ኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል። እዚህ ሥራ ላይ አልመክረውም። አርኤክስ 580 ደግሞ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ክሪፕቶ ሲቆፍሩ ከከረሙት ብዙ አሉበት። 185 ዋት ስለሚፈልግ ለዚህ ሳጥን አይሆንም። ለሌላ ሳጥን የምትገዙት ቢሆን እንኳ ስሙ ላይ 2048 የሚል ቁጥር ካለ ውስጡ የታናሹ የ570 መሆኑን እወቁ።

የተጭበረበረ ካርድም አለ። የድሮ ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ ራሱን «1050 ቲአይ» ብሎ ያስተዋውቃል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ይህን ይይዛል፤ ካርዱ የውሸት ከሆነ ስሙ ፊት «ፌክ» የሚል ቃል ይለጥፍበታል። እሱንም ፍላሹ ላይ ጨምሩ። ከዚያ ካርዱን አስጨንቆ የሚፈትነውን ፈርማርክ የሚባለውን ፕሮግራም ለ15 ደቂቃ ያህል አስኬዱ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ከጠፋ፣ ካርዱን ለባለቤቱ መልሱ።

ከአዲስ አበባ ስታመጡ

350 ኪሎሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ወልቂጤን አልፎ ጊቤን ወርዶ መውጣት አለ። ካርዱ ተሰክቶ እንዳለ አታስጭኑ። ክብደቱ በአንድ ቀዳዳ ላይ ተንጠልጥሎ እየተንገጫገጨ ከመጣ ቀዳዳውን ይሰብረዋል። ንቀሉት፣ በሚመጣበት ፀረ ስታቲክ ከረጢት ክተቱት፣ በልብስ ጠቅልላችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙት። ሳጥኑ ጎኑን ተኝቶ፣ ማዘርቦርዱ ወደ ታች ሆኖ ይሂድ። ሞኒተሩ ከሻንጣ ጋር ወደ ላይ አይወጣም፤ ጭናችሁ ላይ ይሁን።

መክፈትና መግጠም

የሚያስፈልጉት፦ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል፣ ጥጥ ወይም ንጹሕ ጨርቅ፣ አንድ ላጲስ፣ ትንሽ ቱቦ ተርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት)። ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ሥሩ። ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከዚያ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፤ የቀረው ኃይል ይወጣል። ከመንካታችሁ በፊት የሳጥኑን ባዶ ብረት ንኩ።

ጎኑን ክፈቱ። የቢሮ ታወር አብዛኛው ብሎን አይጠይቅም፤ መቀርቀሪያውን ስባችሁ ጎኑን ታነሳላችሁ። አቧራውን በብሩሽ ወደ ውጭ ጥረጉ። ፋኑን ስታጸዱ በጣታችሁ ያዙት፤ እንዲሽከረከር አትተዉት።

ቀጥሎ የፕሮሰሰሩ ፔስት። ዓመታት ያለፉት ኮምፒውተር ላይ ደርቆ እንደ ኖራ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የማቀዝቀዣውን አራት ብሎኖች ግራና ቀኝ እያማታችሁ፣ ጥቂት ጥቂት ፍቱ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ማቀዝቀዣው ሲነሳ የፋኑ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ እንደተሰካ መሆኑን አትርሱ። ደረቁን ፔስት አልኮል ባረጠባችሁበት ጥጥ ጥረጉ፤ ብረቱ እስኪያበራ። ይድረቅ። ከዚያ መሐሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታክል አዲስ ፔስት አድርጉ። በጣት መቀባት አያስፈልግም፤ ማቀዝቀዣው ሲጫን ራሱ ይዘረጋል። ብሎኖቹን እንደ ቅድሙ እያማታችሁ መልሱ።

ራሙ 16 ጊጋ ይሁን፤ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8። ሁለት ሲሆን በሁለት መስመር ስለሚሠራ ጌም ላይ ልዩነቱ ይታያል። 8ኛ ትውልድ የሚፈልገው የዴስክቶፕ ዲዲአር4 ነው። የላፕቶፕ ራም አጭር ነው፤ አይገባም። ባለ 3200 ከተገኘ ግዙት፤ ዝቅ ብሎ በ2666 ይሠራል። ሁለቱን በተጓዳኝ ቀዳዳዎች ሰኩ፤ ብዙውን ጊዜ በቀለም ወይም በቁጥር ተለይተዋል። ከሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» የሚል ድምፅ እስክትሰሙ ተጫኑ። ሲበራ ስክሪን ካልሰጠ ራሙን አውጡና ወርቃማውን ጥርስ በላጲስ ፈተግ ፈተግ አድርጋችሁ መልሱት። የጅማ ጥገና ቤቶች በሙሉ የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ እርጥበት ባለበት ከተማ ጥርሱ ቶሎ ይቆሽሻል።

ቀጥሎ ኤስኤስዲ፣ የሃርድ ዲስክን ቦታ የሚይዘው ፈጣን ማስቀመጫ። ያረጀ ኮምፒውተር አዲስ መስሎ እንዲሰማችሁ የሚያደርገው ከሁሉ በላይ ይህ ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢያነብ ነው፤ ሳታ ኤስኤስዲ 550 ገደማ፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ደግሞ 3 ሺህ ያልፋል። ማዘርቦርዱ ላይ ማስቲካ የምታክል ቀዳዳ ስላለች ባለ 500 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ግዙ። በግድም ዘንበል አድርጋችሁ አስገቡት፤ ከዚያ ወደ ታች ተጭናችሁ በብሎኑ እሰሩት። ያች ብሎን በጣም ትንሽ ናት፤ ያገለገለ ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ አትገኝም። ኤስኤስዲውን ስትገዙ ሻጩን ጠይቁት። የድሮውን ሃርድ ዲስክ አትጣሉ፤ ለፊልም፣ ለፎቶና ለጌም ማስቀመጫ ይሁን።

ካርዱ መጨረሻ ይገባል። ከኋላ ያለውን ቀጭን የብረት ሽፋን አውጡ፣ ካርዱን በረጅሙ ቀዳዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑ፣ እሰሩት። ከዚያ የሞኒተሩን ኬብል ካርዱ ላይ ሰኩ። ይህን ደግሜ ልጻፈው፦ ካርዱ ላይ፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። «ካርድ ገዝቼ ለውጥ የለውም» ከሚሉት ብዙዎቹ ኬብሉን ከላይ ባለው በድሮው ቀዳዳ ሰክተው ነው።

ስለ ሞኒተር አንድ ነገር ብቻ። ያገለገለ ባለ 22 ወይም 24 ኢንች፣ 1920 በ1080 የሆነ ይበቃል፤ ግን ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይፖርት ይኑረው። ቪጂኤ ብቻ ያለው ርካሽ ነው፣ ነገር ግን የጠቀስኳቸው ካርዶች ቪጂኤ አያወጡም። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ካለ ለጊዜው በኤችዲኤምአይ እሱን ተጠቀሙ፤ የቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ማብራት አትርሱ፣ አለበለዚያ ኳሱን ከመታችሁ በኋላ ነው ተጫዋቹ እግሩን የሚያነሳው።

ባዮስ ውስጥ ሦስት ነገር

መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ። ዴል ላይ ኤሲ ሪከቨሪ ይባላል። ጠፍቶ እንዲቆይ አድርጉት። አለበለዚያ ሌሊት መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ማንም ሳይነካው ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል።

ሁለተኛው ዴል ላይ ነው። የዲስኩ አሠራር ሬይድ ላይ ሆኖ ይመጣል፤ የዊንዶውስ መጫኛው ኤስኤስዲውን ላያየው ይችላል። ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩት። ይህን ዊንዶውስ ከመጫናችሁ በፊት አድርጉ፤ በኋላ ከቀየራችሁት አይነሳም።

ሦስተኛው ቲፒኤምና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የደኅንነት መከላከያዎች መብራታቸው ነው። ዊንዶውስ 11 ይጠይቃቸዋል። ቫሎራንት የሚጫወት ልጅ ካለም፣ ጌሙ ራሱ በዊንዶውስ 11 ላይ ይጠይቃቸዋል።

ዊንዶውስና የቤት ሥርዓት

ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ የማይክሮሶፍትን መጫኛ አዘጋጁ። ከፍላሽ ለማስነሳት ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9። የቢሮ ኮምፒውተር ሌላው ጥቅም እዚህ ይመጣል፦ ብዙዎቹ የዊንዶውስ ፕሮ ፈቃድ ማዘርቦርዳቸው ላይ ተቀርጾ ነው የሚመጡት። ያንኑ ዓይነት ስትጭኑና ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ክራክ አያስፈልጋችሁም። ክራክ የሚባለው ፋይል ራሱ ቫይረስ ይዞ ሲመጣ፣ የእናትየው የሱቅ ሒሳብ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው።

አድሚን የሚሆነው አንድ አካውንት ብቻ ይሁን፤ እሱም የወላጅ። ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ተራ አካውንት ክፈቱ። ያኔ ትንሹ «ነፃ ጌም» ብሎ ያወረደው ነገር የወላጅ ፓስወርድ ሳይጠየቅ ሲስተሙ ውስጥ አይጫንም። ማይክሮሶፍት ፋሚሊ ሴፍቲ ላይ ለልጁ አካውንት ሰዓት መወሰን ይቻላል፤ ለምሳሌ በትምህርት ቀን አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ሦስት። ማሽኑ ራሱ ስለሚዘጋ ጭቅጭቁ ከእናትና ከልጅ መካከል ይወጣል። ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ይቀንሳል።

የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውሱ ጋር ይመጣል፤ ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋ ላይ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። እንደ ስልኩ የቃሉን ድምፅ በላቲን ፊደል እየጻፈ ወደ አማርኛ መቀየር የለመደ ሰው ኪማን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይሞክር። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ስለሆነ ተጨማሪ አይጠይቅም።

ጌሙስ?

በ1650 ጂቲኤ 5፣ ኢፉትቦል፣ የኢኤ እግር ኳስ ጨዋታዎች፣ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ፎርትናይት በ1080 በደንብ ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ቅንብሩ ዝቅ ይበል እንጂ። አዳዲሶቹ ከባድ ጌሞች ላይ ተስፋ አታብዙ። ለልጁም «ሁሉንም ይችላል» ብላችሁ አትንገሩት፤ በማግሥቱ ያፋጥጣችኋል።

ትልቁ ራስ ምታት ማውረዱ ነው። የኢኤ እግር ኳስ ብቻ 100 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል። በሞባይል ጥቅል ይህን ማውረድ ለኪስ አይሆንም። መላው እንዲህ ነው፦ ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) ላይ ያለ ጌም ከሆነና ጓደኛው ቀድሞ ካወረደው፣ ስቲምአፕስ ውስጥ ኮመን ከሚለው ፎልደር የጌሙን ፎልደር በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ቅዱ። በእናንተ ኮምፒውተር በዚያው ቦታ አስቀምጡና ስቲም ላይ ኢንስቶል በሉ። ስቲም ያሉትን ፋይሎች ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ጌሙ በእናንተም አካውንት መኖር አለበት፤ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ዶታ 2 ነፃ ስለሆኑ ይህ አያሳስብም።

በጀቱ ከፍ ካለ፦ ከባዶ መገጣጠም

አዲስ ዕቃ ብቻ ነው የምፈልገው ለሚል ራይዘን 5 5600ጂ ይውሰድ። ስድስት ኮር አለው፤ ግራፊክሱ አብሮት ስላለ ካርዱን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ይቻላል። ቢ550 ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4-3200፣ ባለ 500 ጊጋ ኤንቪኤምኢ፣ 500 ዋት የሆነ 80 ፕላስ የሚል ፓወር ሰፕላይ። ቢ450 ማዘርቦርድ ይረክሳል፤ ግን ባዮሱ ካልታደሰ ይህን ፕሮሰሰር ላያውቀው ይችላል። ሻጩን አሳድሰህ ስጠኝ በሉት።

አገጣጠሙ ላይ የሚያስጨንቀው ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው። የዚህ ዓይነት ራይዘን እግሮቹ ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፤ አንዱ ከተጣመመ አይገባም። ማእዘኑ ላይ ያለችውን ወርቃማ ሦስት ማእዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አገናኙና ልቀቁት፤ በራሱ ክብደት ይገባል። አትጫኑት። ራሙ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛና አራተኛ ቀዳዳ ላይ ይግባ። ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ባለ 8 ፒን የኃይል ኬብል ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እሱ ካልተሰካ ፋኑ ቢዞርም ስክሪን የለም። ሲነሳ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒን አብሩ፤ አለበለዚያ ለ3200 የከፈላችሁበት ራም በ2133 ወይም በ2400 ሲያዘግም ይኖራል። ግራፊክሱ የሚበደረው ከራሙ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ እዚህ ከየትም በላይ ይታያል።

አንድ ቀን ማቀዝቀዣውን መንቀል ካስፈለገ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሱና ይሙቅ። ከዚያ አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁ፣ ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት። ቀጥታ ከሳባችሁት ፕሮሰሰሩ ተለጥፎበት አብሮ ይወጣል።

የት ይቀመጥ?

ጅማ እርጥብ ከተማ ናት። ሳጥኑን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡ፣ ግድግዳም ላይ አታስጠጉ። እንጨት ሥራ የሚታወቅበት ከተማ ውስጥ ስለሆናችሁ ጠረጴዛውን ለአናጢ ማሠራት ከተዘጋጀ ዕቃ ሊረክስ ይችላል። አናጢው ለሳጥኑ በር ያለው ሳጥን ሊሠራላችሁ ይፈልጋል፤ ያምራል፣ ግን ኮምፒውተሩን ያፍነዋል። ኋላው ክፍት ይሁን፣ ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ ይበል በሉት። በክረምት ለቀናት ካልተነካ አንድ ሰዓት ያህል አስነሱት፤ ሙቀቱ እርጥበቱን ያባርራል። በበጋ ደግሞ የፋኑን አቧራ በየሁለት ሦስት ወሩ ጥረጉ።

ሲከፈት ሰዓቱ በየጊዜው ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ድረ ገጾችም ስለ ቀኑ እያማረሩ ካስቸገሯችሁ የሞተው የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ሰዓት ሠሪዎች ጋ ትገኛለች።